“ከቆዳችን ሥር” እና ሥር የሰደደ የላይም በሽታ ክርክር

ሕመምተኛው አሞኛል ይላል፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ምንም የለም ይላል፤ ሐኪሙም በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዱን ማመን ይኖርበታል። ይህን አጣብቂኝ በየትኛውም አገርና በየትኛውም የሕክምና ተቋም የሚሠራ የጤና ባለሙያ ያውቀዋል። ይሁንና በዚህ አጣብቂኝ ዙሪያ ሐኪሞችን ለሁለት የከፈለ፣ ሕሙማንን ያስቆጣ፣ ሕግ አውጪዎችንና ዐቃቤ ሕግን ሳይቀር ወደ ሕክምና ክርክር የጎተተ ጉዳይ ቢፈለግ፣ “ሥር የሰደደ ላይም” እየተባለ እንደሚጠራው ሕመም ያለ ማግኘት ያስቸግራል። በአንዲ አብርሃምስ ዊልሰን ተዘጋጅቶ በ2008 ለሕዝብ የቀረበው “ከቆዳችን ሥር” የተሰኘው የ104 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ውዝግብ ከሕክምና መጽሔቶች ገጽ አውጥቶ ወደ ተራው ተመልካች ቤት ያስገባ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ በ2009 መጨረሻ ለኦስካር ሽልማት በረጅም ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ከተለዩት 15 ሥራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል፤ በ2014ም ተከታይ ክፍል ወጥቶለታል። የጤና ባለሙያ ለሐኪም ያልተሠራን ፊልም የሚመረምርበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሕመምተኛው ወደ ምርመራ ክፍል የሚገባው ያየውንና የሰማውን ይዞ በመሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ ፊልሙ የሚያነሣው ጥያቄ ከላይም በሽታ የሰፋ መሆኑ ነው፤ ሕክምና በእጁ ያለው ማስረጃ “ይህ መድኃኒት አይጠቅምህም” ከማለት በቀር ሌላ የሚለው ሲያጣ፣ ለሚሠቃየው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

የበሽታው አጀማመር

ታሪኩ የሚጀምረው በ1975 በአሜሪካ በኮኔክቲከት ግዛት በላይም፣ በኦልድ ላይምና በኢስት ሃዳም ከተሞች ነው። ራሷም ልጆቿም ለዓመታት ሲታመሙ የኖሩት ፖሊ መሪ የተባለች እናት፣ ከሌላ እናት ጋር በየፊናቸው፣ በአካባቢያቸው ብዙ ልጆች በመገጣጠሚያ ሕመም መያዛቸውን ለባለ ሥልጣናት አሳወቁ። በዚያን ጊዜ በዬል ዩኒቨርሲቲ የመገጣጠሚያ በሽታዎችን ያጠና የነበረው ዶክተር አለን ስቲር ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዩን መርምሮ በ1977 የ51 ሕሙማንን ዝርዝር አሳተመ፤ ከእነርሱም 39ኙ ሕፃናት ነበሩ። በ1982 ደግሞ በሞንታና የሚሠራው ሳይንቲስት ዊሊ ቡርግዶርፈር ከመዥገሮች ውስጥ ያገኘውን ጥምዝ ባክቴሪያ ይፋ አደረገ፤ ተሕዋሲውም በስሙ ቦሬሊያ ቡርግዶርፌሪ ተብሎ ተጠራ።

“ሥር የሰደደ ላይም” የሚለውን ስያሜ የሚደግፉ ወገኖች ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሡታል። ሐኪሞች ያልሰሟቸው እናቶች ትክክል ነበሩ፤ ስለዚህ ዛሬም ሐኪሞች የማይሰሟቸው ሕሙማን ትክክል ናቸው፣ ነው ክርክሩ። የመጀመሪያው ሐሳብ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። የእናቶቹ ጥርጣሬ ወደ ዕውቀት የተለወጠው ስለተጮኸለት ሳይሆን ስለተቆጠረ ነው። የሕሙማኑ ቤቶች በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚገኙ፣ ሕመሙ በየትኛው ወቅት እንደሚጀምር፣ ከሕመሙ በፊት ምን ዓይነት ሽፍታ እንደታየ አንድ በአንድ ተመዘገበ። የሕሙማን ቃል የምርመራው መነሻ ሆነ፤ መደምደሚያውን የሰጠው ግን ቆጠራው ነው። ይህ ልዩነት በፊልሙ ውስጥ ጎልቶ አይወጣም፤ የክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ግን እዚሁ ላይ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ስም

ላይም ራሱ አከራካሪ በሽታ አይደለም። በአብዛኞቹ ሕሙማን መዥገሩ በነከሰበት ቦታ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ቀይ ሽፍታ (ኤሪቴማ ማይግራንስ) ይወጣል፤ በጊዜው ካልታከመ ባክቴሪያው ተሰራጭቶ የፊት ነርቭን ሊያሰንፍ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት መተላለፊያ ሊያውክ፣ ወራት ቆይቶም ትልልቅ መገጣጠሚያዎችን በተለይም ጉልበትን ሊያሳብጥ ይችላል። ሽፍታው በወጣበት ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ለ10 ቀናት ወይም አሞክሲሲሊን ለ14 ቀናት መውሰድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ መገጣጠሚያን ያጠቃው ዓይነት የ28 ቀናት ሕክምና ይሰጠዋል። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ከ2010 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአገሪቱ በየዓመቱ 476,000 ገደማ ሰዎች ለላይም እንደታከሙ ገምቷል። እንግዲህ የሚያወዛግበው ከዚህ ሕክምና በኋላ ያለው ነው።

በትክክል ከታከሙት ሰዎች ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ድካም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የማስታወስና ሐሳብን የማሰባሰብ ችግር ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆይባቸዋል። ይህ “ድኅረ ሕክምና የላይም ሕመም” ይባላል፤ መኖሩንም የትኛውም ወገን አይክድም። “ሥር የሰደደ ላይም” የሚለው መጠሪያ ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። በ2007 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ የግምገማ ጽሑፍ በዚህ ስም የሚጠሩትን ሕሙማን በአራት ከፍሏቸዋል፦ የቦሬሊያ ምልክት ፈጽሞ የማይገኝባቸው፤ ሌላ የታወቀ በሽታ ያለባቸው፤ ፀረ-አካል በደማቸው ቢገኝም የላይም ክሊኒካዊ ምልክት ታይቶባቸው የማያውቅ፤ እና በእርግጥ ላይም ይዟቸው ከታከሙ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው።

በዚህ ክፍፍል መሠረት ክርክሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ “ሰውየው በእርግጥ ታሟል ወይ?” የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው “ያሳመመው በሰውነቱ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሕያው ባክቴሪያ ነው ወይ፤ ለወራት በሚሰጥ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትስ ይድናል ወይ?” የሚል ነው። የውዝግቡ መራራነት የመጣው ሁለቱም ወገኖች ለአንዱ ጥያቄ ያገኙትን መልስ ለሌላው ስላዋሉት ነው። ሕሙማኑ “ሕመሜ እውነት ነውና ባክቴሪያው አለ” አሉ፤ ጥቂት የማይባሉ ሐኪሞችም “ባክቴሪያው የለምና ሕመምህ እውነት አይደለም” የሚል ትርጉም በሚሰጥ አነጋገር መለሱ።

ፊልሙ የተሳካለት

“ከቆዳችን ሥር” የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሷል። በሚንቀጠቀጥ ሰውነት በሰው ድጋፍ የምትራመደው ወጣት፣ ጫካና ወንዝ ሲጠብቅ ኖሮ በመዥገር ንክሻ ከሥራው የተለየው ሰው፣ ከአንዱ ስፔሻሊስት ወደ ሌላው ሲዞሩ ዓመታትና ገንዘባቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች ለተመልካቹ በቁጥር የማይገለጠውን ያሳዩታል። ሕሙማኑ የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ከሕመሙ ይልቅ የጎዳቸው አለመታመናቸው ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው ብሂል ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ያደርጋል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በሽታቸውን ለማንም አልደበቁም፤ የሚሰማቸው ነው ያጡት።

ፊልሙ በዚህ ረገድ የሚያቀርበው ሥዕል ከተቃዋሚዎቹ ማስረጃ ጋር እንኳ አይጋጭም። ረጅም የፀረ-ባክቴሪያ ሕክምና እንደማይጠቅም ያሳየው የ2001 የክሌምፕነር ጥናት ራሱ፣ በጥናቱ የተካተቱት ሕሙማን አካላዊ አቅም የልብ ድካም ወይም የመገጣጠሚያ መበላት ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚመጣጠን ጉድለት እንዳለው መዝግቧል። ይህ ዐረፍተ ነገር ከጥናቱ መደምደሚያ እኩል ሊታወስ ይገባው ነበር፤ በሕክምናው ዓለም በብዛት የተጠቀሰው ግን መደምደሚያው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ነው ፊልሙ የሞላው።

ፊልሙ የጎደለው

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ ግን ሥራው ይሰነካከላል። ለወራትና ለዓመታት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰዱት ሕሙማን አንዳንዶቹ በፊልሙ መጨረሻ ተሽሏቸው ይታያሉ፤ ተመልካቹም መድኃኒቱ እንዳዳናቸው ይረዳል። ሕመማቸው በራሱ ጊዜ ይቀል እንደነበር፣ ወይም የሚያምናቸው ሐኪም ማግኘታቸው ብቻውን ምን ያህል እንደረዳቸው ከታሪካቸው ማወቅ አይቻልም። ይህን ለመለየት የተፈለሰፈው መሣሪያ ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ፕላሴቦ የሚወስዱበት ሙከራ ነው፤ ለዚህ መሣሪያ ግን ፊልሙ ለሕሙማኑ ታሪክ የሰጠውን ያህል ቦታ አልሰጠውም።

ክሌምፕነርና ባልደረቦቹ በ129 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ድርብ ሙከራ፣ መድኃኒት የደረሳቸው በደም ሥር ሴፍትራያክሶን ለ30 ቀናት፣ ቀጥሎም ዶክሲሳይክሊን ለ60 ቀናት ወሰዱ። በደማቸው ፀረ-አካል ከተገኘባቸው መካከል መድኃኒት ከወሰዱት ከመቶ 37ቱ ተሻላቸው፣ 34ቱ ባሰባቸው፤ ፕላሴቦ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 40ው ተሻላቸው፣ 34ቱ ባሰባቸው። የፊልሙ ተመልካች በዐይነ ኅሊናው ሊይዘው የሚገባው ይህን ነው፤ ከአሥር ሰዎች አራቱ መድኃኒት ሳይወስዱ “ተሻለኝ” ብለዋል። እነዚህን አራት ሰዎች ብቻ መርጦ ካሜራ ፊት ቢያቀርባቸው፣ ፕላሴቦን የሚያወድስ ልብ የሚነካ ፊልም መሥራት ለማንም አያዳግትም ነበር። ከሕሙማኑ የተወሰዱት ከ700 በላይ የደምና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ናሙናዎችም በካልቸርም ሆነ በዘረመል ምርመራ ሕያው ቦሬሊያ አላሳዩም።

ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ይህን ሥዕል በመሠረቱ አልለወጡትም፤ ሆኖም ጥቃቅን ልዩነታቸውን ደብቆ ማለፍ ከፊልሙ ያልተሻለ ሥራ ይሆናል። የክሩፕ የ2003 ጥናት 55 ሕሙማንን አካትቶ የ28 ቀናት ሴፍትራያክሶን ሲሰጥ፣ ድካም የቀለላቸው መድኃኒት ከወሰዱት ከመቶ 64፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት ከመቶ 18.5 ነበሩ፤ የአእምሮ ሥራ ግን አልተሻሻለም፣ ሆስፒታል ያስገቡ ጉዳቶችም ደርሰዋል። የፋለን የ2008 ጥናት በ37 ሕሙማን የ10 ሳምንት ሕክምና ሞክሮ በ12ኛው ሳምንት የአእምሮ ሥራ መሻሻል ቢያይም፣ መሻሻሉ እስከ 24ኛው ሳምንት አልዘለቀም። በኔዘርላንድስ 280 ሕሙማንን ያካተተውና በ2016 የታተመው ትልቁ ሙከራ ደግሞ ከሁለት ሳምንት ሴፍትራያክሶን በኋላ የተጨመረው የ12 ሳምንት ሕክምና ከፕላሴቦ የተለየ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል።

የረጅም ሕክምና ደጋፊዎች በእነዚህ ጥናቶች ላይ የሚያቀርቧቸው አንዳንድ ነቀፌታዎች መሠረት አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያካተቷቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የኔዘርላንድሱ ጥናት ሁሉንም ተሳታፊ በሴፍትራያክሶን ስለጀመረ ምንም መድኃኒት ያልወሰደ ማነጻጸሪያ የለውም። ስለዚህ ከሙከራዎቹ “ፀረ-ባክቴሪያ ለማንም፣ በምንም ዓይነት አይጠቅምም” የሚል ፍጹም አነጋገር አይወጣም። የሚወጣው ግን ለሕክምና ውሳኔ በቂ ነው፤ ጥቅሙ ካለም ትንሽና ቶሎ የሚያልፍ ነው፣ ጉዳቱ ግን ትንሽ አይደለም።

“ሲብስብህ እየዳንክ ነው”

በረጅሙ ሕክምና ወቅት የሚብስባቸው ሕሙማን በተደጋጋሚ የሚሰጣቸው ማብራሪያ የያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ ነው። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት ሰውነት ይቆጣል፤ ስለዚህ መባሱ መድኃኒቱ መሥራቱን፣ በሽታውም ላይም መሆኑን ያረጋግጣል ይባላል። ይህን አባባል ለመመዘን ከኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የቀረበ ዳኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም የቦሬሊያ ዘመድ በሆነው፣ በቅማል በሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ይህን ምላሽ በየአልጋው አጠገብ ቆሞ ያየው እርሱ ነው።

በሚያገረሽ ትኩሳት ምላሹ የሚመጣው መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሕመምተኛው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያም ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ከባድና አንዳንዴም ለሞት የሚያሰጋ ቢሆንም በአንድ ቀን ገደማ ያልፋል፤ ከዚህ በፊት በደም ጠብታ ላይ በማይክሮስኮፕ ይታዩ የነበሩት ጥምዝ ባክቴሪያዎችም ይጠፋሉ። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ አጥንተው በ1996 ባሳተሙት ሥራ፣ በፔኒሲሊን ከታከሙት ማነጻጸሪያ ሕሙማን ከ29ኙ 26ቱ ይህ ምላሽ ታይቶባቸዋል፤ ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያከሽፍ ፀረ-አካል አስቀድሞ ከተሰጣቸው 20 ሕሙማን ግን በ10ሩ ብቻ ታየ። ምላሹ እንዲህ የሚለካ፣ መነሻውና መድረሻው የሚታወቅ፣ የሚከላከለውም የተፈተነ ነገር ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ ባለ ላይም ከመቶ 15 በሚሆኑ ሕሙማን ተመሳሳይ ቀለል ያለ ምላሽ በመጀመሪያው ቀን ይታያል። በአራተኛው ወር ሕክምና የሚመጣ፣ ለሳምንታት የሚቆይ፣ ሲመጣም ሲሄድም “መድኃኒቱ ሠራ” የሚያሰኝ መባስ ግን በስም እንጂ በባሕርይ ያንን ምላሽ አይመስልም። ከሁሉም በላይ አደገኛው የአስተሳሰቡ አወቃቀር ነው፤ ሕመምተኛው ቢሻለው መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ቢብስበትም ሠርቷል። ስሕተት መሆኑን ሊያሳይ የሚችል አንዳች ውጤት የሌለው ሕክምና የሚቆምበት ቀን የለውም፤ የመድኃኒት ጉዳትም ሲመጣ “ምላሽ ነው” ተብሎ ይታለፋል።

ጉዳቱ ደግሞ ደርሷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ጀርሲ ለላይም ተብሎ ሴፍትራያክሶን ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው ሰዎች፣ በርካታ ሕፃናትና ወጣቶች ጭምር፣ በሐሞት ከረጢት ችግር ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣም አሉ። በ2000 በታተመ አንድ ዘገባ ላይም መሆኑ ላልተረጋገጠ ሕመም ለ27 ወራት በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣት የነበረች የ30 ዓመት ሴት በካቴተሩ ላይ በተከሰተ የካንዲዳ ኢንፌክሽን ሞታለች። በ2017ም የአሜሪካው የበሽታዎች ቁጥጥር ማዕከል በዚህ ዓይነት ሕክምና ላይ ሳሉ ለከባድ ኢንፌክሽን የተዳረጉ አምስት ሕሙማንን ታሪክ አውጥቷል። እነዚህ ሰዎች በማንም ፊልም ውስጥ አይናገሩም። ሕክምና ግን የተሻለውን ብቻ ሳይሆን ያልተሻለውንና የሞተውንም መቁጠር ግዴታው ነው።

የመመሪያው ወገን ጥፋት

በዚህ ሁሉ የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር ትክክለኛውን ማስረጃ ይዞ ነበር ማለት በአግባቡ ተከራክሯል ማለት አይደለም። ማኅበሩ በ2006 ያወጣው መመሪያ ረጅም ሕክምናን ሲከለክል፣ በተቃራኒው የተሰለፈው ዓለም አቀፍ የላይምና ተዛማጅ በሽታዎች ማኅበር በ2004 ባወጣው መመሪያ ለሐኪሙ ሰፊ ነጻነት ሰጥቶ ነበር። በዚሁ በ2006 የኮኔክቲከት ዐቃቤ ሕግ ሪቻርድ ብሉመንታል የመመሪያው አዘጋጆች የጥቅም ግጭት ነበረባቸው፣ የተለየ አስተያየት ያላቸውንም አግልለዋል በማለት በንግድ ውድድር ሕግ ምርመራ ከፈተ። ጉዳዩ በ2008 በስምምነት ተዘጋ፤ ማኅበሩ ጥፋት አላመነም፣ ነገር ግን የጥቅም ግጭት እንደሌለባቸው የተጣራ ስምንት ባለሙያዎች መመሪያውን እንደገና እንዲመረምሩ ተስማማ። ባለሙያዎቹ በሐምሌ 2009 ክርክሩን በይፋ ከሰሙ በኋላ በሚያዝያ 2010 ሁሉንም 69 ምክረ ሐሳቦች አጸኑ።

ውጤቱ ለማኅበሩ ድል ነበር፤ በሕሙማኑ ዘንድ ግን አንድም ልብ አላሸነፈም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው መመሪያ ምን መደረግ እንደሌለበት በዝርዝር ሲናገር፣ ለታመመው ሰው ምን ሊደረግለት እንደሚገባ የተናገረው ጥቂት ነው። በተቃራኒው ወገን ያለው ሐኪም ግን ሰዓታት ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ለሕመሙ ስም ይሰጣል፣ ዕቅድ ያወጣል። ፊልሙ በሕክምና ቦርዶች ፊት የቀረቡትን የሰሜን ካሮላይናውን ዶክተር ጆሴፍ ጀምሴክንና የኮኔክቲከቱን የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ሬይ ጆንስን እንደ ጀግኖች ሲያቀርባቸው ተመልካች የሚቀበለው ስለ ባክቴሪያ ባላቸው አስተያየት ሳይሆን ሕሙማናቸውን ስላልጣሉ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት የሌለው ሐኪም ጊዜና አክብሮት ካልሰጠ፣ ጊዜና አክብሮት ያለው ሐኪም የተሳሳተውን መድኃኒት ይሰጣል።

ፖለቲካውም መፍትሔ አልሆነም። ሮድ አይላንድ በ2002፣ ኮኔክቲከት በ2009 ረጅም ሕክምና የሚያዝዙ ሐኪሞችን ከዲሲፕሊን ቅጣት የሚከላከሉ ሕጎች አወጡ፤ ማሳቹሴትስም በ2016 የጤና መድን ድርጅቶች ወጪውን እንዲሸፍኑ አስገደደች። ሕግ ክፍያን ሊያዝ ይችላል፤ መድኃኒቱ እንዲያድን ግን ማዘዝ አይችልም። ከዚህ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠው የምርምሩ አቅጣጫ መቀየር ነው። በ2019 ተመራማሪዎች ከታከሙ በኋላ መገጣጠሚያቸው አብጦ በቀረ ሕሙማን ፈሳሽ ውስጥ የባክቴሪያውን ግድግዳ ቅሪት አግኝተዋል፤ ይህም ሕያው ተሕዋሲ ሳይኖር የሰውነት መቆጣት ሊቀጥል እንደሚችል ይጠቁማል። በ2025ም የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ባወጡት ሪፖርት የእነዚህ ሕሙማን ሥቃይ እውነተኛ መሆኑን ተቀብለው፣ መንስኤው ሙሉ በሙሉ እስኪታወቅ ሳይጠበቅ ሕመሙን የሚያቃልሉ ሕክምናዎች እንዲጠኑ አሳስበዋል።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ

ላይም የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሽታ ነው፤ ሆኖም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታ በሽታው በስፋት የሚገኝባቸው ግዛቶች ናቸው። ዘመድ ለመጠየቅ በበጋ ወራት ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው ሰፋፊ ቀይ ሽፍታ፣ የፊት መጣመም ወይም ያበጠ ጉልበት ይዞ ቢመጣ፣ የጉዞ ታሪኩን መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በአንጻሩ ከበሽታው አካባቢ ደርሶ የማያውቅ፣ ለዓመታት የደከመው ሰው በውጭ የሚኖር ዘመዱ በነገረው መሠረት የላይም ምርመራ ቢጠይቅ፣ ውጤቱ ከሚያስረዳው የሚያሳስተው ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል ጤነኛውን ከመቶ 95 ጊዜ በትክክል የሚለይ ምርመራ፣ ከሺህ ሰው አንዱ ብቻ በሽታው ባለበት ሕዝብ ላይ ቢደረግ፣ ለአንድ እውነተኛ ሕመምተኛ ሃምሳ ያህል ጤነኞችን “አለባችሁ” ይላቸዋል።

ይህ ስሌት ለኢትዮጵያ ክሊኒኮች ባዕድ አይደለም። አንድ ጊዜ በተደረገ የዊዳል ወይም የዌይል-ፌሊክስ ምርመራ “ታይፎይድና ታይፈስ” ተብሎ፣ ድካሙና ራስ ምታቱ በተመለሰ ቁጥር ሌላ ዙር መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው በየከተማው አለ። ሕመምተኛው ስም አግኝቷል፣ ሐኪሙም የሚያዝዘው አግኝቷል፤ ሁለቱም ለጊዜው እፎይ ብለዋል። በዚያ ስም ሥር ግን የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የታይሮይድ እጢ መታወክ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በአሜሪካ “ሥር የሰደደ ላይም” ተብለው ለረጅም ጊዜ ሲታከሙ ቆይተው ካንሰር እንደነበረባቸው የታወቀላቸው ሕሙማን አሉ። የተሳሳተ ስም ከስም አልባነት የሚከፋው ፍለጋውን ስለሚያስቆም ነው።

“ከቆዳችን ሥር” እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ አቤቱታ ቢታይ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አቤቱታው እውነት ነው፤ የጠየቀው ካሣ ግን ትክክለኛው አይደለም። ፊልሙን ያየ የጤና ባለሙያ ከነቀፌታው ጎን አንድ ልምምድ ይዞ ቢወጣ ይበቃዋል፤ ይኸውም “አላውቅም” የሚለውን ቃል ከ“የለብህም” መለየት ነው። “ሕመምህን አምናለሁ፤ ይህ መድኃኒት እንደማይጠቅምህም አውቃለሁ፤ መንስኤውን ገና አላወቅሁም፤ እንቅልፍህን፣ ሕመምህንና ሥራህን በሚመለከት ግን ልናደርገው የምንችለው አለ፤ በወሩ ተመልሰህ ና” ብሎ መናገር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ብዙዎቹ የፊልሙ ሕሙማን ይህን ንግግር በመጀመሪያው ዓመት ሰምተውት ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ካቴተሩ የሚወስደውን ረጅም መንገድ ባልጀመሩት ነበር።